ትልቅ ውሻ ላለበት ቤት ወለል ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ቤታችንን ያደስን ጊዜ ሳሎኑን ነጭ፣ መስታወት የመሰለ ፖርስሊን አስነጠፍን። መብራት ሲያርፍበት ልብ ይሰርቃል። ነብሮ ግን በሩ ላይ ቀረ። ነብሮ 38 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ሸፐርድ ነው። ሌባ አይፈራም፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ መልስ ይሰጣል። ወለሉን ግን ፈራው። አንድ እግሩን አሳርፎ መለሰ። ደፍሮ ሲገባ የኋላ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፈቱበትና በሆዱ ተዘረጋ።

ነገሩ የገባኝ የፋሲካ ለት ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ነብሮ ከበሩ እስከ ማድ ቤት እየጋለበ ገባ፤ የሥጋው ሽታም ሳይጠራው አልቀረም። በማግስቱ ቄጠማው ሲጠረግ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ለካ የፈራው ቤቱን አልነበረም።

የሚያብረቀርቀውን መምረጥ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ውሻ እንደ ድመት ጥፍሩን ወደ ውስጥ አይሰበስብም። መርገጫው ሲያሟልጨው ያለው ምርጫ ጥፍሩን መትከል ነው። ወለሉ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ከሆነ ጭረቱ ያኔ ይወጣል። ስለዚህ የሚያንሸራትት ወለል ውሻውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይጎዳል። ሰው ሱቅ ሄዶ «ይጫጫራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «ያንሸራትታል ወይ?» የሚል ግን ብዙ አላየሁም።

ለውሻውም ቀላል ነገር አይደለም። ጀርመን ሸፐርድ፣ ላብራዶርና ሮትዋይለር የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በብዛት የሚታይባቸው ዝርያዎች ናቸው። በየቀኑ እየተንሸራተተ የሚነሳ ውሻ፣ በተለይ ሲያረጅ፣ መነሳቱን ራሱ ይጠላዋል።

ሴራሚክ ወይም ፖርስሊን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ወይም ካታሎጉ ውስጥ «አር» ከሚል ፊደል ጋር የተጻፈ ቁጥር ፈልጉ። ከአር 9 እስከ አር 13 ይሄዳል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ማንሸራተቱ ይቀንሳል። ልኬቱ የሚወሰደው ዘይት በተቀባ ተዳፋት ላይ ጫማ ያደረገ ሰው በማራመድ ነው፤ ውሻ አልተጠየቀም። ቢሆንም ፍንጭ ይሰጣል። ለሳሎን አር 10 ጥሩ ይመስለኛል። ለበረንዳና ለደረጃ አር 11። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ መወልወያው ጨርቅ እየተያዘ ያማርራችኋል። ቁጥሩ ከሌለ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። ጣታችሁ ከተንሸራተተ ነብሮም ይንሸራተታል።

«ጠንካራ እንጨት ነው» ሲባል ማመን

ጥንካሬ ልዩነት የለውም አልልም። ጃንካ በሚባለው የእንጨት ጥንካሬ መለኪያ ነጭ ኦክ 1360 ያመጣል፣ የአሜሪካ ነጭ ፓይን ደግሞ 380። ግን ጥፍር መጀመሪያ የሚያገኘው እንጨቱን ሳይሆን ቫርኒሹን ነው። ጠቆር ያለና የሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ እያንዳንዷን ጭረት አጉልቶ ያሳያል። ፈካ ያለ፣ የእንጨቱ መስመር የሚታይበትና የማያብለጨልጭ ቢሆን ጭረቱ ይደበቃል። ፓርኬ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሲያረጅ አስልጋችሁ እንደገና ቫርኒሽ ታስቀቡታላችሁ። ላሚኔት፣ ማለትም የእንጨት መልክ የታተመበት የተጨመቀ ሰሌዳ፣ ይሄ ዕድል የለውም።

ላሚኔትን በቁጥሩ ብቻ መግዛት

ሻጩ «ኤሲ 4 ነው፣ ኤሲ 5 ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቁጥሩ በዋናነት መፋተግን ምን ያህል እንደሚችል ይናገራል። የላሚኔት ጠላት ግን ውሃ ነው። ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ ሽንት በመጋጠሚያው ገብቶ ካደረ ጠርዙ ያብጣል። ያበጠ ወደ ቦታው አይመለስም። የእንጨት መልክ ከፈለጋችሁ ቪኒል የሚባለው የፕላስቲክ ወለል ይሻላል። እሱንም ስትገዙ ስለ ጠቅላላ ውፍረቱ ብቻ አትጠይቁ፤ ላዩ ላይ ያለው ግልጽ መከላከያ ሽፋን ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ለትልቅ ውሻ 0.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። 0.2 የሆነው በርካሽ ይሸጣል፣ ቶሎም ያልቃል።

እብነ በረድን እንደ ግራናይት ማየት

ሁለቱም ድንጋይ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። እብነ በረድ ለስላሳ ነው፣ አሲድም ይበላዋል። ሽንት ከቆየበት ነጠብጣብ ይተዋል። ሽታውን ላጥፋ ብላችሁ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ካፈሰሳችሁበት ደግሞ ጨረሳችሁት። ግራናይት ይችላል።

ፉጋውን መርሳት

ሴራሚኩ ውሃ አይጠጣም። በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ሲሚንቶ፣ ፉጋው፣ ግን ይጠጣል። «በየቀኑ እየተወለወለ ለምን ይሸታል?» የሚባለው ቤት ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው መስመር ውስጥ ነው። ትልልቅ ሴራሚክ ከተነጠፈ መስመሩ ያንሳል። አቅም ካለ የኢፖክሲ ፉጋ አይመጥም፤ ከሌለም ሲሚንቶውን ማሸጊያ ማስቀባት ነው። ዞኮሎው (የግድግዳው የታች ጠርዝ ንጣፍ) ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅም እንዳትረሱ፤ ወንድ ውሻ ግድግዳ ይወዳል።

አንድ ነገር ከምር ልናገር። ሽንት ላይ በረኪና አታፍስሱ። በረኪና ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ አይንና ሳንባ ይጎዳል። ቅድሚያ በውሃና በሳሙና አጥቡት። የሽንትን ሽታ የሚያፈርስ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ።

ውሻው የት እንደሚተኛ አለማሰብ

ሴራሚክም ሆነ ሊሾ (በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል) ላይ ሁልጊዜ የሚተኛ ትልቅ ውሻ ክርኑ ይጠነክራል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል። ወፍራም መኝታ ያስፈልገዋል። በነገራችን ላይ ሊሾን የሚንቅ ሰው አይገባኝም። ትንሽ ሻካራ ተደርጎ ከተሠራና ማሸጊያ ከተቀባ፣ ውሻ ለሚውልበት በረንዳ በዋጋው ከሱ የሚሻል አላውቅም።

ምንጣፍ ጣል ማድረግም መፍትሔ ነው፣ ግን ከስሩ ጎማ ይኑረው። እኛ ቤት ያለ ጎማ የተነጠፈው ከነብሮ ጋር አብሮ ሶፋ ስር ገብቷል።

ልክ ልኩን መግዛት

ሁለት ካርቶን ትርፍ ያዙ። ከዓመት በኋላ አንድ ሲሰበር ያው ቀለም አይገኝም።

የጥፍሩንም ነገር አትርሱ። ሲሄድ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ረዝሟል ማለት ነው። በክረምት ደግሞ በሩ ላይ ወፍራም ጨርቅ አኑሩ፤ ከመዳፉ ጋር የሚገባው አሸዋ ከጥፍሩ ባልተናነሰ ይፈጫል።

አሁን የመግቢያውን ኮሪደር ልንቀይር ነው። በዚህ ጊዜ ከሱቅ አራት ናሙና ለምኜ አመጣሁና ግቢው ውስጥ ደረደርኳቸው። ውሃ አፈሰስኩባቸው። ማዶ ሆኜ አጥንት አሳየሁት። ነብሮ ሁለቱን ዘሎ አለፈ፣ አንዱን ረግጦ ተንሸራተተ፣ አራተኛው ላይ ቆሞ አጥንቱን ጠበቀ። ግራጫ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ባለቤቴ «የመኪና ማቆሚያ ይመስላል» ብላለች። እሱን ነው የምናስነጥፈው።