ከጀርባ መርፌ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች፦ «ቀና እንዳትይ» እና ሌሎችም

የሁሉም አውራ ይሄ ነው፦ የጀርባ ፈሳሽ የተቀዳለትን ወይም በጀርባ መርፌ ተደንዝዞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው «24 ሰዓት ያለ ትራስ፣ በጀርባህ ተኛ» ማለት።

ራስ ምታት እንዳይመጣ ነው ይባላል። መኝታው ግን አይከላከልም። ብዙ ጥናቶች ተደርገው ቶሎ የተነሱት ሰዎች ሲተኙ ከዋሉት የበለጠ አልታመሙም። ራስ ምታቱ የሚመጣው መርፌው በተወው ቀዳዳ ፈሳሽ ሲያፈስ ነው። ቀዳዳው ደግሞ ሰው ስለተኛ አይደፈንም። ራስ ምታቱ ከጀመረ በኋላ ጋደም ማለት ስለሚያስታግስ፣ አስቀድሞ መተኛትም የሚከላከል መሰለን።

ጦሱ ቀላል አይደለም። በኦፕራሲዮን የወለደች አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። አያትየው ሕፃኑን ይዘው ጡቷ ላይ ሊያስጠጉት ይታገላሉ፤ እሷ አንገቷን እንኳ አታነሳም። በማግስቱ ራሷን ሲያማት ነርሷ «ቀና ብለሽ ነዋ!» አለቻት። ልጇን ለማየት አንዴ ቀና ብላ ነበርና በራሷ ላይ ያመጣችው መስሏት አለቀሰች። እባካችሁ፣ በሽተኛን ባልሠራው ጥፋት አትውቀሱ። እግሯ ከነቃ፣ ደም ግፊቷ ከተስተካከለና ሌላ ችግር ከሌለ ደግፋችሁ አስነሷት። እግር ሳይነቃ ማስነሳት ግን ሌላው ስህተት ነው፤ ሰው ይወድቃል።

ልዩነት የሚያመጣው መርፌው ነው። ወፍራምና ጫፉ የሚቆርጥ መርፌ አትምረጡ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ100 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ እንዳሳየው፣ በተለመደው፣ ጫፉ በሚቆርጠው መርፌ 11 በመቶ ገደማ የነበረው ራስ ምታት ጫፉ እንደ እርሳስ በሆነው መርፌ ወደ 4 በመቶ ወርዷል። ግዢ ክፍሉን ወትውቱ።

ፈሳሽ ስትቀዱ ስታይሌቱን (መርፌው ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ሽቦ) ሳትመልሱ መርፌውን አትንቀሉ።

«ውሃ በብዛት ጠጣ» ማለትም አይከላከልም። ከጠማው ይጠጣ።

ሌላው፣ ራስ ምታትን ሁሉ «የመርፌው ነው» ብሎ ማለፍ። የመርፌው ሲቀመጡ ይብሳል፣ ሲተኙ ጋብ ይላል። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ መንቀጥቀጥ፣ የእግር መስነፍ ካለ ወይም ተኝቶም ካልተሻለው ሐኪም ወዲያው ይየው። የመርፌው ሆኖ ከጠናና አልለቅ ካለ ደግሞ «ያልፍልሻል» ብላችሁ አትተዉት። ከበሽተኛዋ ከራሷ ክንድ ደም ተቀድቶ ጀርባዋ ላይ መርፌው በገባበት አካባቢ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያሽላል። ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩት።