ከታሰረ በኋላ ሕመሙ የባሰበት ስብራት

«ስብራት ነው፣ ያማል፣ ቻለው።» የጎረቤታችን ልጅ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ላይ ከባጃጅ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ይህንን ስንለው አደርን። ወጌሻ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል። ሊነጋ ሲል እናቱ የመሃል ጣቱን ቀስ ብላ ቀና ብታደርገው ጮኾ ተነሳ። ጣቶቹ አብጠው ቆዳቸው ያብለጨልጫል።

ልጁን የያዘው ኮምፓርትመንት ሲንድሮም የሚባል፣ ጡንቻ ውስጥ ግፊት የሚበዛበት አደጋ ነው፤ ምልክቱም ይሄው ነው። ሕመሙ ከጉዳቱ በላይ ይሆናል፣ ማስታገሻ ቢውጥም እየባሰበት ይሄዳል። ባቱ ወይም ክንዱ ሲነካ ተወጥሮ እንደ እንጨት ደርቋል። ጣቱን ሌላ ሰው ሲያቃናለት አይችለውም። ከዚያ መደንዘዝና መውረር ይከተላል። አቦ፣ «የደም ስሩ ይመታል፣ ጣቱም ሞቃት ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ! የደም ስሩ ምት የሚጠፋው፣ ጣቱም አልታዘዝ የሚለው ብዙ ከረፈደ በኋላ ነው።

ምክንያቱ? የእጅና የእግር ጡንቻ በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው ያለው። ውስጡ ደም ሲፈስ ወይም ጡንቻው ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፣ ግፊቱም ትንንሾቹን የደም ስሮች ይጨፈልቃቸዋል። ከውጭ ጀሶ ወይም ቀርከሃ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ኮምፓርትመንት ሲንድሮም የሚባለው ይህ ነው። በብዛት የሚታየው በቅልጥም ስብራት ነው፤ አጥንት ሳይሰበር፣ ከባድ ነገር ተጭኖት ብቻም ይመጣል። 6 ሰዓት ገደማ ካለፈ ጡንቻው የማይድን ጉዳት ይደርስበታል።

ስለዚህ እስኪነጋ አትጠብቁ። ፋሻውን፣ ጨርቁን፣ ቀለበቱን አውልቁ፤ ቀርከሃውን ስትፈቱ ክንዱን ደግፋችሁ ያዙት። ጀሶ ከሆነ ሐኪም ቤት እስከ ቆዳው ድረስ ይሰነጥቁለታል። ትራስ ደራርባችሁ ወደ ላይ አትስቀሉት፤ ከልብ እኩል ይሁን፣ ከፍ ሲል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። በረዶ አይደረግበት፣ አይታሽ። ኦፕራሲዮን ሊኖር ስለሚችል ምግብ አትስጡት። ከዚያ ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰዱት፦ ከድሬ ድል ጮራ፣ ከሐረር ሕይወት ፋና። ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ንገሯቸው፣ የሞተው ጡንቻ ኩላሊቱን እየጎዳ ሊሆን ይችላል።

ማሰሪያው ተፈትቶም ካልቀለለው፣ ሐኪሙ ቆዳውንና ሽፋኑን በቁመቱ ቀዶ ጡንቻውን ያስተነፍሰዋል። ቁስሉ ወዲያው አይሰፋም፤ እብጠቱ እስኪቀንስ ጥቂት ቀን ክፍት ይቆያል፣ አንዳንዴም ከጭን ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍበታል። የልጁ እናት ይህን ማንም አልነገራትም ነበርና ክንዱን ስታየው «ምነው ሳይሰፉት ተዉት?» ብላ አለቀሰች።