ትልቅ ውሻና ጸጉረ ልውጥ ሰው

ውጭ አገር ትልቅ ውሻ ይዛችሁ ስትኖሩ አንድ ነገር ቶሎ ይገባችኋል። ውሻው ሰው ላይ ሲጮህ «ጎበዝ፣ ይጠብቃል» የሚላችሁ የለም። ጎረቤት ለአከራይ ይናገራል፣ አከራይ ውሉን ያወጣል። ከነከሰማ የካሳ ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ መጀመሪያ የኪራይ ውላችሁን፣ ኢንሹራንሳችሁንና የምትኖሩበትን ከተማ ደንብ እዩ። ሮትዋይለርን የመሰሉ ዝርያዎችን የሚከለክል ወይም አፋቸው ተሸፍኖ እንዲወጡ የሚያስገድድ ሊኖር ይችላል።

ወደ ውሻው እንምጣ። የማያውቀውን ሰው እንዲወድ አትጠብቁ፤ አይቶ ካለፈ በቂ ነው። መንገደኛውን ሁሉ «ዳብሰው፣ ምንም አይልም» ማለት ይቅር። ብዙ ጊዜ የሚያስጮኸው ፍርሃት ነው፣ የሚፈራው ደግሞ ያንኑ ሊዳብሰው የሚዘረጋውን እጅ ነው።

ዋናው ነገር ርቀት ነው። እያንዳንዱ ውሻ ሰው አይቶ የማይነሳሳበት ርቀት አለው። ለአንዱ 10 ሜትር ይሆናል፣ ለሌላው 40። እዚያ ቁሙ። ሰው ብቅ ሲል ቁራጭ ሥጋ ስጡት፣ ሰውየው ሲያልፍ ሥጋውም ያብቃ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ሥጋ። ሲደጋገም ሰው ባየ ቁጥር ዞር ብሎ እናንተን ያያል፣ «የታለ?» እንደማለት። ያኔ አንድ ሁለት እርምጃ ጠጋ በሉ። ሥጋውን እምቢ ካለ ግን በጣም ቀርባችኋል፣ ወደኋላ ተመለሱ።

የኔው ጀርመን ሼፐርድ ሰው ሲያይ ይዞኝ ይበር ነበር። ጥፋቱን ያገኘሁት እጄ ላይ ነው። ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ ገመዱን መዳፌ ላይ እጠመጥመዋለሁ። እሱ አንገቱ ሲወጠር «አለ ነገር» ብሎ ይነሳል። አሁን ገመዱ መሃሉ ላይ ረገብ ብሎ መንጠልጠሉን አያለሁ። ጠባብ መንገድ ከሆነ ቀድሜ እሻገራለሁ። ኩራት የለም።

ሲያጉረመርም አትቆጡት። ማስጠንቀቂያው ነው። በቅጣት ካስተዋችሁት ሳያስጠነቅቅ መንከስ ሊለምድ ይችላል። ከዚያም በፊት ምልክት አለ፦ አፉ ግጥም ይላል፣ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ጭራው ስለተወዛወዘ ብቻ አትመኑት።

ቤት ውስጥ ከባዱ የበር ደወል ነው። መጀመሪያ ያለ ደወል ምንጣፉ ላይ ሄዶ መተኛትን አስተምሩት። ከዚያ ራሳችሁ እየደወላችሁ አለማምዱት። እውነተኛው ዕቃ አድራሽ ሲመጣ ግን ሌላ ክፍል አስገብታችሁ ዝጉበት፤ በሰው ቆዳ ልምምድ የለም። ቤት የሚገባ እንግዳም ይቀመጥ፣ ዓይን ዓይኑን አይየው፣ እጁን አይዘርጋለት።

ቡችላ ከሆነ ሥራው ይቀላል። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ሳይፈራ ያየውን ሁሉ ይለምዳል። ትልልቅ ዝርያዎች ላይ የጠባቂነት ጠባይ ጎልቶ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። «ትንሽ እያለ እኮ ሰላማዊ ነበር» የሚባለው ለዚህ ነው።

አፉ ላይ የሚደረገው ቅርጫት መሰል መሸፈኛ አያሳፍርም። የሚያለከልክበትና ውሃ የሚጠጣበት ሰፊውን ምረጡ። ውስጡ ሥጋ አድርጉና አፍንጫውን ራሱ ያስገባ። ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ደግሞ ከአሰልጣኝ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የሚያመው ውሻ ይቆጣል። በኤሌክትሪክ አንገት ማሰሪያ በ1 ሳምንት አስተካክላለሁ ለሚላችሁ አሰልጣኝ ገንዘባችሁን አትስጡ።