ዲኤንኤስ፦ ለፕሮቫይደሩ ፎርዋርድ ላርግ ወይስ ራሴ ከሩት ልጀምር?
ቤት ወይ ትንሽ ቢሮ ውስጥ አንባውንድ (የሳይት ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይር የዲኤንኤስ ሶፍትዌር) የጫነ ሰው ሁሉ እዚች ጋ ይቆማል፦ ጥያቄውን ለኢንተርኔት አቅራቢው ሰርቨር ያስተላልፍ (ፎርዋርድ ያርግ) ወይስ ዶት ኮምና መሰሎቹ የት እንዳሉ ከሚናገሩት የላይኞቹ ሰርቨሮች (ከሩት) ጀምሮ ራሱ ይፈልግ? ከሩት ከሆነማ ይዘገያል ይባላል፣ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሩት ሰርቨሮች በስም 13 ናቸው ግን እያንዳንዱ ስም ብዙ አገር የተተከለ ኮፒ አለው፣ ደሞ አንዴ ዶት ኮም የት ነው ብሎ ከጠየቀ መልሱ የ2 ቀን ዕድሜ አለው (አንባውንድ በዲፎልት ከ1 ቀን በላይ ባይዘውም) ስለዚህ ሩቱ ጋ የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። የሚዘገየው እናንተ ጋ ማንም ከፍቶት የማያውቅ ሳይት መጀመሪያ ሲከፈት ነው፣ የፕሮቫይደሩ ሰርቨር ግን ሌላ ደንበኛ ቀድሞ ስለሚጠይቀው ብዙ ጊዜ መልሱ እጁ ላይ ነው። ፒንጋችሁ (ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) ከፍ ያለ ከሆነ ይሄ ያስታውቃል፣ ፎርዋርድ አርጉና ተገላገሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን ዲግ (ዲኤንኤስ መጠየቂያ ኮማንድ) ላይ ሰርቨሩን 192.0.2.1 ብላችሁ የሆነ ሳይት ጠይቁ። አድራሻው ለምሳሌ መጻፊያ ተብሎ የተተወ ነው፣ እዛ ማንም ስለሌለ መልስ መምጣት የለበትም። ከመጣ መንገድ ላይ ፖርት 53ን (ዲኤንኤስ የሚሄድበትን) የሚጠልፍ አለ ማለት ነው፣ እንደዛ ከሆነ ከሩት ብትጀምሩም የሚመልስላችሁ ያው ጠላፊው ነው፣ በፖርት 853 ኢንክሪፕት አርጎ ለሚቀበል ሰርቨር ፎርዋርድ ማረግ ይሻላል።

ካልተጠለፈ እኔ ከሩት ነው የምለው። የፕሮቫይደሩ ዲኤንኤስ ሲሞት መስመሩ እያለ ምንም አይከፈትም፣ የሌለ ሳይት ስትጽፉ ማስታወቂያ ገጽ ላይ የሚጥሏችሁም አሉ። በፕራይቬሲ ግን አትሸወዱ፣ ከሩት ስትጀምሩም ጥያቄው ግልጹን ነው የሚሄደው፣ ፕሮቫይደሩ ማየት ከፈለገ ያያል።

አሰራሩ ቀላል ነው፣ ኮንፊጉ ላይ ነጥብ ብቻ ስም የተሰጠው ፎርዋርድ ዞን (የትኛው ስም ለማን እንደሚተላለፍ የሚጻፍበት ክፍል፣ ነጥብ ማለት ሁሉም ስም ነው) ካለ አጥፉት፣ አንባውንድ ፎርዋርድ አርግ ካልተባለ በራሱ ከሩት ይጀምራል። ፕሪፌችንም አብሩት፣ በብዛት የሚጠየቁትን ጊዜያቸው ሳያልቅ ያድስላችኋል። በፕሮቫይደሩ ኔትወርክ ብቻ የሚከፈት ሳይት ካላችሁ ለሱ ስም ብቻ ፎርዋርድ ዞን ጻፉለት።

አንባውንድ የጫናችሁት ራስበሪ ፓይ (ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ከሆነ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። የሰዓት ባትሪ ከሌለው መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደኋላ ይቀራል፣ ሰዓቱ በጣም ከተሳሳተ የዲኤንኤስሴክ ፊርማ (መልሱ እንዳልተቀየረ የሚያረጋግጠው) አያልፍም፣ ፊርማው ካላለፈ ሳይት አይከፈትም፣ የሰዓት ሰርቨሩም በስም ስለሆነ የተጻፈው እሱንም አያገኘውም፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ ብላችሁ ፕሮቫይደሩ ጋ ትደውላላችሁ። የሰዓት ሰርቨሩን በአይፒ አስገቡት ወይ ባትሪ ያለው የሰዓት ሞጁል ግጠሙለት።