የጎቲክ ቤተ ክርስቲያንን ሕንፃ እንዴት እንመልከት?

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓን አብያተ ክርስቲያናት የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ ቆሞ ማማውንና ቅርጻ ቅርጹን ሲያደንቅ ይቆያል። በዚያ ዘመን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋውን የጎቲክን የሕንፃ አሠራር ለመረዳት የሚሻ ግን በቀጥታ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀና ቢል ይሻለዋል፤ የዚህ ጥበብ ዋና ጥያቄ የድንጋይ ጣሪያው ክብደት በየት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል የሚለው ነውና።

በምዕራቡ በር ገብተው ከመካከለኛው አዳራሽ ይቁሙ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የተዘረጉና ከመሐል በአንድ ድንጋይ ላይ የሚገናኙ ቀጫጭን ቅስቶችን ያያሉ፤ የጣሪያው ጎድኖች እነዚህ ናቸው። አንዱን ይምረጡና በዓይንዎ እየተከተሉ ይውረዱ። ዓምዱ ዘንድ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ አይቋረጥም፤ ቀጭን ዘንግ ሆኖ፣ ከሌሎች ዘንጎች ጋር እንደ ሸንበቆ እስር ተያይዞ ወደ ታች ይዘልቃል። ጎድኖቹ በአንድ የመሐል ድንጋይ ዙሪያ ያለውን የጣሪያ ምድብ ስድስት ቦታ ከከፈሉት አሠራሩ በአብዛኛው ቀደም ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1163 የተጀመረው የፓሪሱ ኖትርዳም እንዲህ ነው። ከ1194ቱ ቃጠሎ በኋላ እንደገና በተሠራው የሻርትር ካቴድራል ግን ክፍሎቹ አራት ናቸው።

ቀጥለው ቅስቶቹን ያስተውሉ። የግማሽ ክብ ቅስት ከፍታ በስፋቱ የተወሰነ ሲሆን፣ ሹል ቅስት ግን ጠባብም ሆነ ሰፊ ቦታ ላይ ወደሚፈለገው ከፍታ ሊደርስ ይችላል፤ ወደ ጎን የሚገፋውም ባነሰ ኃይል ነው። ሹል ቅስት ብቻውን ግን በቂ ምስክር አይደለም። በእንግሊዝ የሚገኘው የደርሃም ካቴድራል ጎድንም ሹል ቅስትም እያለው፣ በግዙፍ ግድግዳውና በወፋፍራም ዓምዶቹ ከጎቲክ በፊት ለነበረው የሮማንስክ አሠራር ይመደባል። ጎድኑን፣ ሹል ቅስቱንና ሰፊውን መስኮት አዋሕዶ መንገዱን የከፈተው አበ ምኔት ሱዤር ያሠራውና በ1144 የተመረቀው፣ ፓሪስ አጠገብ የሚገኘው የሴን ዴኒ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ምሥራቃዊ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ውጭ ይውጡና ሕንፃውን በጎኑ ይዙሩት። ከግድግዳው ርቀው የቆሙ የድንጋይ ምሰሶዎችና ከእነርሱ ወደ ላይኛው ግድግዳ የተወረወሩ ግማሽ ቅስቶች፣ ውስጥ ያዩት ጣሪያ ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ተቀብለው ወደ መሬት ያወርዱታል። በምሰሶው አናት ላይ ያለው ሹል ድንጋይም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ምሰሶውን አጽንቶ ያቆመዋል። የአሠራሩን ወሰን ለማየት በፈረንሳይ ከሚገኘው የቦቬ ካቴድራል የተሻለ ቦታ የለም፤ 48 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው ጣሪያ በ1284 በከፊል ፈርሷል። ሲጠገን በነባሮቹ ዓምዶች መካከል ሌሎች ስለተጨመሩ ባለ አራት ክፍሉ ጣሪያ ባለ ስድስት ሆኗል፤ ስለዚህ እዚያ ስድስት መቁጠር የጥንታዊነት ምልክት አይሆንም።

መስኮቶቹን ለመጨረሻ ያቆዩ፤ ክብደቱን ዓምዶቹ ከተሸከሙት ግድግዳው ለመስታወት ቦታ ሊለቅ እንደሚችል አሁን ግልጽ ነው። በሻርትር የላይኛው መስኮት ክፍተቶቹ ከግድግዳው ላይ የተፈለፈሉ ይመስላሉ፤ በ1211 በተጀመረው የሬምስ ካቴድራል ግን በቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች የተዋቀሩ ናቸው። የሩቅ ማያ መነጽር ካለዎት በአንድ ቅዱስ ፊት ላይ ያነጣጥሩት። ቁርጥራጭ መስታወቶቹን የሚያያይዘውን የእርሳስ ጠርዝ፣ ከዚያም ሠዓሊው በጥቁር ቀለም ስሎ በእሳት ያስያዘውን የቅንድብና የጢም መስመር አንድ በአንድ ያያሉ።