የሆስፒታል ባክቴሪያዎችን በጂኖም ስንከታተል፦ ችግርና መፍትሔ

ከሕሙማን የተወሰደ ባክቴሪያ ጂኖሙ፣ ማለትም በዲኤንኤ ፊደላት የተጻፈው ሙሉ የዘር መረጃው፣ ሲነበብ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ይጠቁማል፤ ውጤቱ ግን ከሕክምና መዝገቡ ወይም ከላቦራቶሪው ምርመራ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ያኔ ፍለጋው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከናሙናው መጀመር አለበት።

ያልተገናኙ ሕሙማን፣ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ

ሁለት ሕሙማን በአንድ ጊዜ በአንድ ክፍል ተኝተው አያውቁም፤ የባክቴሪያዎቻቸው ጂኖም ግን የሚለያየው በጥቂት ፊደላት ብቻ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታመም ባክቴሪያውን የሚሸከም ሰው ወይም የተበከለ ዕቃ በመካከል መኖሩ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ካርባፔኔም የተባለው ጠንካራ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ክሌብሴላ ኒሞኒያ የተባለ ባክቴሪያ 18 ሕሙማንን በያዘ ጊዜ፣ ሁለተኛው ታካሚ የታወቀው የመጀመሪያዋ ከሆስፒታሉ ከወጣች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ ሁለቱን ያገናኛቸው የጂኖም ንባቡ ነው። ባክቴሪያው በእጅ መታጠቢያ ገንዳዎች ፍሳሽ መውረጃ፣ ከጸዳ በኋላም በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳይቀር ተገኝቷል።

ስለዚህ ምልክት ባይታይባቸውም በክፍሉ ካሉ ሕሙማን ሁሉ የፊንጢጣ ናሙና መውሰድ፣ የገንዳ መውረጃዎችንና በጋራ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን መመርመር፣ የአልጋ ዝውውር መዝገቡንም ከጂኖሙ ውጤት ጎን አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከዚህ ቁጥር ካነሰ ተላልፏል፣ ከበለጠ አልተላለፈም የሚል ቁርጥ ገደብን ማመን በእኔ እምነት አደገኛ ነው፤ ባክቴሪያው በአንድ ሰው አንጀት ውስጥ ለወራት ሲቆይ ራሱ ይለወጣልና።

ዝርያው ሌላ፣ ጂኑ አንድ

በአንድ ክፍል በክሌብሴላም በኢ. ኮላይም ላይ ካርባፔኔምን የሚያከሽፈው ኤንዲኤም የተባለው ጂን ቢገኝ፣ ዝርያዎቹ ስለተለያዩ ብቻ ጉዳዩን መዝጋት ያሳስታል። ጂኑ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚሻገር ፕላዝሚድ (ከዋናው ክሮሞሶም የተለየ ትንሽ ዲኤንኤ) ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ፊደል የሚያነቡ ማሽኖች ደግሞ በፕላዝሚዱ ላይ የሚደጋገሙ ክፍሎች ስላሉ ሙሉ ቅርጹን ለመገጣጠም ይሳናቸዋል። የተመረጡ ናሙናዎችን በረጅም ንባብ፣ ለምሳሌ በናኖፖር ማሽን፣ ደግሞ ማንበብና ፕላዝሚዶቹን ማነጻጸር ይበቃል።

ላቦራቶሪው መድኃኒቱ አይሠራም ይላል፣ ጂኑ ግን አልተገኘም

አስቀድመው የተገጣጠመውን ጂኖም ርዝመት ይመልከቱ። ክሌብሴላ ኒሞኒያ ወደ 5.5 ሚሊዮን ፊደል ስላለው፣ ውጤቱ 9 ሚሊዮን ከደረሰ ናሙናው ሌላ ባክቴሪያ ተቀላቅሎበታል፤ ከአንድ ኮሎኒ (በማሳደጊያው ላይ ከአንድ ሴል ከተራባ ክምችት) እንደገና አሳድጎ የመድኃኒት ምርመራውንም የጂኖም ንባቡንም ከዚያው መሥራት ይገባል። ርዝመቱ ትክክል ከሆነ፣ ባክቴሪያው መድኃኒት በሌለበት ማሳደጊያ ላይ ሲራባ ፕላዝሚዱን ጥሎት ይሆናልና በማቀዝቀዣ ወደተቀመጠው የመጀመሪያ ናሙና ይመለሱ። መድኃኒቱ የሚገባባቸው የሽፋኑ ቀዳዳዎች መበላሸትም ባክቴሪያውን ያጠነክራል፤ የተመዘገቡ የመቋቋሚያ ጂኖችን ብቻ የሚፈልግ ሶፍትዌር ይህን ላያየው ይችላል። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የታካሚው ሕክምና የሚወሰነው በላቦራቶሪው የመድኃኒት ምርመራ ነው።

ውጤቱ ዘግይቶ ሲደርስ

መዘግየቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ናሙና እስኪጠራቀም ከመጠበቅ ነው። በየሳምንቱ ቋሚ ቀን መድቦ ጥቂቱንም ቢሆን ማንበብ ይሻላል፤ መተላለፍ የሚጠቁም ውጤት በታየበት ቀንም ሪፖርቱ ተጽፎ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ለኢንፌክሽን መከላከል ቡድኑ በስልክ ይነገር።