ልጆች ሙዚየምና ቅርስ ማየት እንዲወዱ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

የተማሪዎችን የሙዚየም ጉብኝት ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የገንዘብ ወይም የመኪና እጥረት አይደለም። ብዛት ነው። ብዙ ክፍል፣ ብዙ ዓመተ ምሕረት፣ ብዙ ማብራሪያ፣ ብዙ «አትንኩ»። ልጁ ሲገባ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጣ የሚያስታውሰው ግን መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነና ማን ማንን እንደገፈተረ ነው። ስለዚህ ቀንሱ። ጥቂት ነገር ይዩ፤ ያንን ጥቂት ግን ደህና አድርገው ይዩት። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ለወላጅም ለመምህርም ይሆናል።

«ትምህርት አስቀርቶ ጉብኝት ምን ይፈይዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእሱ የሚሆን መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ አርካንሳስ ውስጥ ክሪስታል ብሪጅስ የሚባል የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ለመጎብኘት ያመለከቱት ትምህርት ቤቶች ሙዚየሙ ከሚችለው በላይ ሆኑ። ተመራማሪዎች አጋጣሚውን ተጠቅመው ተራውን በዕጣ አደረጉት። ከዚያም በ123 ትምህርት ቤቶች ወደ 11,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። የጎበኙት ልጆች ያዩትን በደንብ ያስታውሱ ነበር። አይተውት የማያውቁት ሥዕል ሲሰጣቸውም ካልጎበኙት በተሻለ አስተውለው ያብራሩ ነበር። ለውጡ ጎልቶ የታየው ደግሞ ከገጠርና ከደሃ ትምህርት ቤቶች በመጡት ላይ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ጉብኝት የተገኘ ነው።

1. ከቅርብ ጀምሩ

ሙዚየም ሲባል ሁሉም ሰው ትልቁንና ታዋቂውን ያስባል። ለልጅ ግን ትንሹ ይሻላል። ቶሎ ይዳረሳል፣ አይደክምም፣ ዕቃውን የሚንከባከበው ሰው ራሱ ወጥቶ ሊያነጋግራችሁ ይችላል። ቅርስ ደግሞ የግድ ጣሪያ ሥር አይገኝም። አሮጌ ድልድይ፣ የድሮ ባቡር ጣቢያ፣ ሥራ ያቆመ ወፍጮ ቤት፣ ሐውልት፣ የመቃብር ስፍራ፣ የቆየ የአምልኮ ቤት ሁሉ ቅርስ ነው። ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረሰውን በወረቀት ላይ አስፍሩ። ልጆቹንም ጠይቋቸው። እነሱ በየቀኑ የሚያልፉበትን፣ ትልልቆቹ ልብ የማይሉትን ቦታ ያመጣሉ።

2. መጀመሪያ ብቻችሁን ሂዱ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው በዕለቱ ዋጋውን ይከፍላል። መጸዳጃ ቤቱ የት ነው? ቦርሳ ይገባል? ልጆች ቁጭ ብለው የሚበሉበት ቦታ አለ? በቡድን ለመግባት አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል? ሰው የማይበዛበት ቀን የቱ ነው? ከአስጎብኚዎቹ መካከል ከልጅ ጋር ማውራት የሚችለው ማን ነው? አዋቂ ያስደነቀ አስጎብኚ ሁሉ ልጅ ያስደንቃል ማለት አይደለም።

ከዚያ ቁጢጥ በሉና ዕቃዎቹን በልጅ ቁመት እዩዋቸው። ለእናንተ ጥርት ብሎ የሚታየው ነገር ከታች ሲያዩት የመብራት ነጸብራቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከልጅ ዓይን በላይ የተሰቀለ ነገርም ሞልቷል። በደንብ ከሚታዩት ውስጥ ሦስት ምረጡ። አዎ፣ ሦስት ብቻ። ሌላውን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል፤ ካላገኙትም ሙዚየሙ የትም አይሄድ።

3. ጥያቄ አስይዛችሁ ውሰዷቸው

ልጅ አዲስ ቦታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን ቦታውን ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ጥበቃው፣ የሚሸጠው ነገር ሁሉ ዓይኑን ይይዘዋል። የሙዚየም ትምህርት ተመራማሪው ጆን ፎልክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን አጥንተዋል። ቦታው በጣም እንግዳ ሲሆንበት የልጁ ትኩረት ቦታውን በመልመድ ያልቃል፤ ለትምህርቱ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከቀኑ በፊት የሕንጻውን ፎቶ አሳዩአቸው። በየት እንደሚገቡ፣ መቼ እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚመለሱ ንገሯቸው። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ስለ ዕቃዎቹ ግን ሁሉንም አትንገሯቸው። የአንዱን ዕቃ ቁራጭ ፎቶ አሳዩና «ይህ የምን አካል ይመስላችኋል?» በሉ። መልሱን ያዙት። ልጁ መልስ ፍለጋ ሲሄድና ማብራሪያ ሊሰማ ሲሄድ አረማመዱም ይለያያል።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ይሻላል። ሙዚየም ውስጥ የሚታየው ሁሉ ዋናው ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የሚታየው የሉሲ (ድንቅነሽ) አጽም ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ዋናው አጽም ተለይቶ በጥንቃቄ ይቀመጣል። ይህን እዚያው ደርሶ የሚሰማ ልጅ የተታለለ ይመስለዋል። አስቀድሞ ከሰማ ግን «ለምን ቅጂ ያሳያሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

4. ዕቃው ፊት ስትቆሙ እናንተ ዝም በሉ

ዋናው ቦታ ይህ ነው፤ ለአዋቂ በጣም የሚከብደውም ይህ ነው። ስለምናውቅ መናገር እንፈልጋለን። አፋችን ሲከፈት ደግሞ የልጁ ዓይን ይዘጋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አቢጌል ሃውሰንና በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ ዬናዋይን ሦስት ጥያቄዎች ያሉት ዘዴ አዘጋጅተው ነበር። በብዙ አገር ሙዚየሞችና ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። ጥያቄዎቹ ሲበዛ ቀላል ናቸው። «እዚህ ላይ ምን እየሆነ ነው?» «ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?» «ሌላስ ምን ይታይሃል?» በቃ። ጉልበቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ልጁ ግምቱን ከሚያየው ነገር ጋር እንዲያያይዝ ያስገድደዋል። «ንጉሥ ነው» ካለ፣ ምኑን አይቶ? ዘውዱን? አቀማመጡን? ሌሎቹ ሰዎች ከእሱ አንሰው ስለተሳሉ?

ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለው እንዲያዩ አድርጉ። አንድ ደቂቃ ለልጅ ረጅም ነው። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ከዚያ ማየት ይጀምራሉ። የተሳሳተ ነገር ሲናገሩም ወዲያው አታርሙ። «ሌላ የተለየ ነገር ያየ አለ?» በሉ። ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ይተራረማሉ። መግለጫ ጽሑፉን በመጨረሻ አንብቡ። ግምታቸውን ከተናገሩ በኋላ ጽሑፉ ሲነበብ የፈተና ውጤት እንደሚሰማ ሰው ጆሯቸውን አቁመው ይሰማሉ።

ሥዕል ሳይሆን ዕቃ ከሆነ ደግሞ ሲሠሩበት ኖረው ያለቀበትን ቦታ እንዲፈልጉ አድርጉ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። የመሣሪያው እጀታ በየት በኩል ለሰለሰ? የማሰሮው ቂጥ ለምን ጠቆረ? የድንጋዩ ደረጃ ለምን መሐል ለመሐል ጎደጎደ? ያለቀበት ቦታ ሰው የነካው ቦታ ነው። ልጁ የአንድን የማያውቀውን ሰው እጅና እግር ተከትሎ ታሪክ ውስጥ ይገባል። ቀለሙን፣ ዘመኑን፣ የሠሪውን ስም ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ከፍ ላሉ ተማሪዎች አንድ ጨምሩ። «ይህ ዕቃ እዚህ እንዴት መጣ?» ጥንታዊ ጽሑፍ የተቀረጸበትን የሮዜታ ድንጋይ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1799 ግብፅ ውስጥ የፈረንሳይ ወታደሮች አገኙት። ፈረንሳዮች ሲሸነፉ ለእንግሊዞች ተላለፈ። ከ1802 ጀምሮ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። የማን ነው? ቢመለስስ? እዚህ ጋ ክርክሩ ይደምቃል። እናንተ ዳኛ ሆናችሁ አትፍረዱ።

5. ስልኩን አስቀምጡ፣ እርሳስ ስጧቸው

ሊንዳ ሄንክል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አላት። ሰዎችን ሙዚየም አስገብታ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ አንዳንዱን ዝም ብለው እንዲያዩ አደረገች። በማግስቱ ፎቶ ያነሱትን ያስታወሱት ዝም ብለው ካዩት ያነሰ ሆነ። ካሜራው አስታወሰልኝ ብሎ አእምሮ ይተወዋል። የሚገርመው፣ አንዱን ክፍል አቅርበው ሲያነሱ ጉዳቱ አልታየም። ስለዚህ ፎቶን ጨርሶ መከልከል አያስፈልግም። «አንድ ፎቶ ብቻ፤ ያውም የምትወዱትን ትንሽ ክፍል» በሉ።

ከፎቶ የሚበልጠው ግን መሳል ነው። ማማሩ አያስጨንቅ። ልጅ ሲስል ደጋግሞ ያያል፣ «እግሩ ስንት ነው?» ብሎ ይቆጥራል። እርሳስ ይያዙ፤ እስክሪብቶና ማርከር ብዙ ሙዚየም አይፈቅድም። ሃያ መስመር ያለው «የሚሞላ ወረቀት» አትስጧቸው። ልጆቹ መልሱን ከመግለጫው እየገለበጡ ይሮጣሉ፤ ዕቃውን ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

6. ሕጉን ከነምክንያቱ ንገሩ

«አትንኩ» ብቻውን አይሠራም። ከመሄዳችሁ በፊት ንጹሕ መስታወት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ያንሱና ያዩት። የቀረው ምልክት ላብና ቅባት ነው። አሁን ይህን በቀን በሺህ እጅ አባዙት።

ትንፋሽም ይጎዳል። ፈረንሳይ ያለውን የላስኮ ዋሻ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 ወጣቶች ናቸው ያገኙት። ግድግዳው ላይ ከ15,000 ዓመት በላይ የቆዩ የእንስሳት ሥዕሎች አሉ። በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ። የጎብኚው ትንፋሽ፣ ሙቀትና እርጥበት ሥዕሉን ሲጎዳው፣ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት መሰል ነገርም ሲወርሰው፣ በ1963 ተዘጋ። ከ1983 ጀምሮ ሰው የሚያየው በአቅራቢያው የተሠራውን ቅጂ ነው። ያቺ «ለምን ቅጂ ያሳያሉ?» የምትለው ጥያቄም እዚህ መልሷን ታገኛለች።

7. ከቤት ውጪ ያለ ቅርስ ሌላ ነው

እዚህ እግርም ይሠራል። ግንቡን በእርምጃ ይለኩት። ዙሪያውን ይዙሩት፤ ከፊት ለፊት አምሮ ከጀርባው ያልተጨረሰ ሕንጻ ብዙ ነው። የድሮ ፎቶ ካገኛችሁ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ ፈልገው እንዲቆሙበት አድርጉ። ምን ጠፋ? ምን ተጨመረ? ይህ ብቻ አንድ ሰዓት ይይዛቸዋል።

ቀና ብለውም ይዩ። ስፔን ውስጥ የአልታሚራ ዋሻ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1879 የታወቁት እንዲህ ነው። አባትየው መሬቱን እየቆፈረ ጥንታዊ ዕቃ ሲፈልግ የስምንት ዓመት ልጁ ማሪያ ቀና ብላ ጣሪያው ላይ ያሉትን ጎሾች አየች። ይህን ታሪክ የሰማ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ይውላል፤ ስለዚህ እግሩን ተቆጣጠሩ። ግንብ ላይ መውጣትም ሆነ ድንጋይ ማንሳት አይፈቀድም። ውሃና ኮፍያ አትርሱ።

8. ቡድኑን አሳንሱ

ለአንድ አዋቂ አምስት ስድስት ልጅ ይበቃል። ቡድኖቹ ከተለያየ ዕቃ ይጀምሩ፤ አለዚያ አርባ ልጅ አንድ ሳጥን ላይ ይረባረባል። ውስጥ የምትቆዩበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለታናናሾች አርባ ደቂቃም ብዙ ነው።

9. ስትመለሱ ድርሰት አታጽፉ

«ያየሁት ነገር» የሚል ድርሰት የቀኑን ደስታ ወደ ቅጣት ይቀይረዋል። በምትኩ የራሳቸውን ሙዚየም ይሥሩ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ የቆየ ዕቃ ያምጣ። ውድ ከሆነ ፎቶውን ወይም ሥዕሉን። ቤት ውስጥ ትልቁን ሰው ይጠይቅ፤ የማን ነበር? ከምን ተሠራ? ምን ይሠሩበት ነበር? ለምን ሳይጣል ቀረ? ከዚያ ከሃምሳ ቃል ያልበለጠ መግለጫ ይጻፍ። ማሳጠሩ ነው ሥራው። ምን ይግባ፣ ምን ይቅር ብሎ ሲመርጥ ሙዚየም ውስጥ ያነበበውም በሰው የተመረጠ እንደሆነ ይገባዋል። ሌላ ክፍል ይጋበዝ፤ አስጎብኚዎቹ ልጆቹ ይሁኑ። የሚሄዱበት ሙዚየም በአካባቢያቸው ለሌላቸውም ይህ ደረጃ ብቻውን ይሠራል።

10. ድጋሚ ሂዱ

ያው ቦታ፣ ሌላ ሦስት ዕቃ። በሁለተኛው ቀን ቦታው እንግዳ አይደለም፤ ልጁም ባለቤት ሆኖ ነው የሚገባው። ከተቻለ ወላጆቹን ይዞ ይምጣና እሱ ያስጎብኛቸው። ቀን ለመምረጥ ሁለት ዓለም አቀፍ በዓላት ይረዳሉ። ኤፕሪል 18 የታሪካዊ ሐውልቶችና ቦታዎች ቀን ነው። ሜይ 18 የሙዚየም ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ይከበራል። አንዳንድ ሙዚየሞች በዚያ ቀን በነጻ ያስገባሉ ወይም ለልጆች የተለየ ዝግጅት ያደርጋሉ። ቀድሞ መጠየቅ ነው።

«ደበረኝ» የሚል ልጅም ይኖራል። አትቆጡት። «ከዚህ ክፍል አንድ ዕቃ ማስወጣት ብትችል የቱን ታስወጣ ነበር? ለምን?» በሉት። ለመጣልም ቢሆን ማየት አለበት። አሁንም ካልሆነለት ይዛችሁት ውጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ዓይነቱን ቀይሩ። ሥዕል ያልሳበው የድሮ ሞተር ወይም የእንስሳ አጥንት ሊስበው ይችላል።